ፊርማው ከደረቀ በኋላ



ዲፕሎማት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባንዲራ የተተከለበት መኪና ውስጥ የሚቀመጥ፣ መዋያው ኒው ዮርክ ወይም ጄኔቭ የሆነ ሰው ነው። የአዊ ሰው ግን ዲፕሎማትን በደጁ አይቷል። ጎረቤታችን ዳንግላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ተቀምጠው ነበር። ጣናን ዞረው፣ የአባይን በረሃ ተከትለው ሲለኩና ሲመዘግቡ ኖሩ፤ ያዩትንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አወጡት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ዓይኑን በጣና ውኃ ላይ ጥሎ ነበር፤ ቆንስሉም ለላካቸው ሠሩ። ወጉ ነው፤ መልእክተኛ የላኪውን ጥቅም ይጠብቃል።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ግን መንግሥት ስላልላከው መልእክተኛ ነው። ዶክተር ሕዝቅያስ አሰፋ ይባላሉ። ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሕግም ኢኮኖሚክስም ተምረዋል፤ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በአሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሥራ ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት ናይሮቢን መቀመጫ አድርገው፣ በተጋደሉ ሰዎች መካከል እየተቀመጡ ነው። በሰላም ግንባታ ትምህርት ውስጥ ስማቸው ከቀዳሚዎቹ ጋር ይጠራል። በእኛ አገር አደባባይ ግን እምብዛም አይነሳም፤ ይህ ይቆጨኛል። የሚቆጨኝም ለክብራቸው ብዬ ብቻ አይደለም፤ ሥራቸው ዛሬ ለእኛ ስለሚያስፈልገን ነው።

ወደ እሳቸው ከመድረሴ በፊት የመንግሥት ዲፕሎማሲያችን ከፍ ብሎ የታየበትን ዘመን ላንሳ፤ ያለዚያ የእሳቸው መንገድ ለምን እንዳስፈለገ አይገባንም። በጋራ ሙለታ የተወለዱት ከተማ ይፍሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ሲይዙ ገና የሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። አፍሪካ የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍላለች። ከተማ ይፍሩ ንጉሠ ነገሥቱን አፄ ኃይለ ሥላሴን አሳምነው፣ መሪዎችን በየቤታቸው እየዞሩ አግባብተው፣ ሁለቱንም ጎራ አዲስ አበባ ላይ አስቀመጡ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። አዲሱን ድርጅት በጊዜያዊ ዋና ጸሐፊነት የመሩትም ሌላው ወጣት ኢትዮጵያዊ ክፍሌ ወዳጆ ነበሩ። 

ድርጅቱ በተመሠረተ በአምስተኛው ወር አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ ሁለቱን መሪዎች ባማኮ ላይ አገናኙ፤ በጥቅምት 1956 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ የሰው ሕይወት አትርፏል። ይሁንና ሁለቱ አገሮች ዛሬም አልታረቁም። የየብስ ድንበራቸው ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ዝግ ነው፤ በ2021 ደግሞ የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን ጭራሽ አቋረጡ። እንግዲህ ተኩስ ቆሞም ተኳርፎ መኖር ይቻላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ጉዳያችን ያደርሰናል። በደቡብ ሱዳን ከነሐሴ 1947ቱ የቶሪት ወታደሮች አመፅ ጀምሮ የቀጠለ ጦርነት ነበር። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የካርቱም መንግሥትና የደቡቡ የአኛ-ኛ ተዋጊዎች አዲስ አበባ ላይ ተቀመጡ። ያገናኟቸው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው። ውይይቱን የመሩት ላይቤሪያዊው ቄስ በርጌስ ካር ነበሩ። የመንግሥቱን ወገን የመሩት አቤል አሊየር ራሳቸው የደቡብ ልጅ ነበሩ፤ ይህም የታሰበበት ነው። ንግግሩ የተቋጠረው በሠራዊቱ ነገር ላይ ነው፤ ደቡቡን ማን ይጠብቅ? የደቡብ ሰው የሰሜንን ወታደር፣ ሰሜኑም የጫካውን ተዋጊ እንዴት ይመን? በዚህ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ገቡበትና ነገሩ በእኩሌታ አለቀ፤ 12,000 ወታደር፣ 6,000 ከደቡብ፣ 6,000 ከሰሜን። የካቲት 19 ቀን ተፈራረሙ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ሲዋጋ የኖረ አገር መተንፈስ ጀመረ።

ሕዝቅያስ አሰፋ የምሁርነት ሥራቸውን የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። ስለ እርስ በርስ ጦርነት ሽምግልና፣ ሱዳንን ምሳሌ አድርገው የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። አደራዳሪዎቹ እንዴት እምነት አገኙ? ጥያቄውን በምን ቅደም ተከተል አነሡ? ማን መቼ ገባ? እነዚህን አንድ በአንድ መረመሩ። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ሲወጣ ስምምነቱ ከፈረሰ አራት ዓመት ሆኖታል። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በ1975 ዓ.ም. ደቡብን በሦስት ከፋፈሉት፤ ወዲያው ሸሪዓን የአገሩ ሕግ አደረጉ። በስምምነቱ መሠረት ከጫካ ወደ ብሔራዊው ጦር የገባው ጆን ጋራንግ ተመልሶ ጫካ ወጣ። ሁለተኛው ጦርነት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀ። ያ ሁሉ የተዋጣለት ሽምግልና፣ ያ ሁሉ ሚዛን የጠበቀ ውል፣ ያቆየው አሥራ አንድ ዓመት ነው።

የሕዝቅያስን ቀጣይ የሥራ ዘመን እኔ የማነበው የዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ አድርጌ ነው፤ ጥሩ ስምምነት ለምን ይሞታል?

በፒትስበርግ ዘመናቸው ያጠኑት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከአፍሪካ በጣም የራቀ ይመስላል። ግንቦት 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ፖሊስ ሞቭ የሚባል ቡድን አባላት በሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ላይ ከሄሊኮፕተር ቦምብ ጣለ። አምስቱ ሕፃናት የሆኑ አሥራ አንድ ሰዎች ሞቱ፤ እሳቱ ተዛምቶ 61 ቤቶች ወደሙ። ሕዝቅያስ ከፖል ዋርሃፍቲግ ጋር ሆነው በዚህ ላይ መጽሐፍ ጻፉ። የጎረቤቶች ጠብና አቤቱታ እንዴት ተንከባሎ ቦምብ እንደሆነ፣ በየምዕራፉ መግባት ይችል የነበረ አስታራቂ እንዴት ሳይገባ እንደቀረ፣ ወይም ገብቶ ሳይሰማ እንደቀረ ተከታተሉ። ይህን የማነሣው ለወጣቶቹ ነው። ሰው ሀብታም መንግሥትና የተማረ ፖሊስ ስላለው ከእንዲህ ያለ ነገር አይድንም፤ እኛም ደሃ ስለሆንን አልተረገምንም። ጠብን በጊዜው የሚይዝ ሰው በሌለበት ሁሉ የሚሆነው አንድ ነው።

ከዚያ ወደ ናይሮቢ መጡ። የናይሮቢ የሰላም ተነሳሽነት የተባለውን ድርጅት በዳይሬክተርነት መሩ፤ በኋላም የአፍሪካ የሰላም ግንባታና የዕርቅ መረብን መሠረቱ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው የምሥራቅ ሜኖናይት ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለችው ላይቤሪያዊቷ ሌይማ ጎቦዊ የተማረችው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ ግን ልቆይበት የምፈልገው ጋና ላይ ነው፤ የሠሩት ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ይታየኛልና።

በጥር 1986 ዓ.ም. በሰሜን ጋና በአንድ ገበያ፣ አንድ የኮንኮምባና አንድ የናኑምባ ሰው በጅግራ ዋጋ ተጣሉ። ጠቡ ወደ ደም ተሻገረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ ከ300 በላይ መንደር ተቃጠለ፣ ከ150,000 የማያንስ ሕዝብ ተፈናቀለ። ጋናውያን የጅግራ ጦርነት ይሉታል። ጉዳዩ ጅግራ እንዳልነበረ ለማንኛችሁም ግልጽ ነው። ዳጎምባዎች፣ ናኑምባዎችና ጎንጃዎች ከጥንት ጀምሮ ባለ ታላላቅ አለቆች ናቸው፤ መሬቱም የሚታወቀው በእነዚያ አለቆች ስም ነው። ኮንኮምባዎች ያርሳሉ፤ በቁጥርም ብዙ ናቸው፤ ግን የራሳቸው ታላቅ አለቃ የላቸውም። አለቃ የሌለው ሕዝብ በባህላዊው ምክር ቤት ወንበር የለውም፤ ስለ መሬቱ የሚናገርለት የለም። አለቃ ይሾምልን ብለው አመለከቱ፤ ማመልከቻው ራሱ ለጎረቤቶቻቸው ስድብ ሆኖ ተሰማቸው። እንግዲህ ጥያቄው የመሬት ነው፣ የውክልና ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ሰው ሆኖ የመቆጠር ነው። ይህን ጥያቄ የምናውቀው ይመስለኛል።

መንግሥት ጦር ልኮ ግጭቱን አስቆመ፤ አደራዳሪ ቡድንም አቋቋመ። በጎን ደግሞ በአካባቢው ይሠሩ የነበሩ የእርዳታ ድርጅቶች ናይሮቢ ያለውን የእነ ሕዝቅያስን ድርጅት ጠሩ። ሕዝቅያስና ጋናዊው ኢማኑኤል ቦምባንዴ ወደ ሰሜን ጋና ሄዱ። መጀመሪያ የሄዱት የስምምነት ረቂቅ ይዘው አልነበረም። መንደር ለመንደር እየዞሩ፣ እያንዳንዱን ወገን ለብቻው እየጠየቁ ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ተወካዮቹ ከግጭቱ ቦታ ርቃ በምትገኘው በኩማሲ ከተማ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ደጋግመው የተሰበሰቡት።

ከዚያ ድርድር የተገኘውን አንድ ታሪክ አሜሪካዊው ምሁር ጆን ፖል ሌደራክ በመጽሐፋቸው መዝግበውታል። የዳጎምባው ታላቅ አለቃ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው፣ ሙሉ ልብሰ ክብራቸውን ለብሰው ገቡ። ተናገሩም፤ አለቃ እንኳ ከሌላቸው ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል መቀመጤ ለምንድን ነው፣ ከማንስ ጋር ልነጋገር ነው አሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ አሁን ነገሩ አበቃለት ብሎ ሳይፈራ አልቀረም። የኮንኮምባዎቹ ቃል አቀባይ አንድ ወጣት ነበር። ተነሥቶ ለስድቡ ስድብ አልመለሰም። አለቃውን አባት ብሎ ጠራቸው። ልክ ነው፣ አለቃ የለንም አለ፤ የምንጮኸውና የምንዋጋው እርስዎን ለማሳነስ ሳይሆን እኛም እንድንታይ ነው፣ እርስዎ አባታችን ስለሆኑ ለእርስዎ እንነግራለን አለ። አለቃው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መልሰው ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ልሰድባችሁ መጥቼ ነበር፤ ሰድቤህም አባት አልከኝ፤ ይቅር በለኝ አሉት።

ይህን ስሰማ ተአምር አድርጌ አልወስደውም። እንዲህ ያለ ቅጽበት የሚመጣው መንገዱ ከተጠረገለት ነው። ወጣቱ ያን ቃል ሊያወጣ የቻለው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የገዛ ወገኑ ሐዘን ተሰምቶለት፣ ምን እንደሚፈልግ ከራሱ ጋር ተነጋግሮ ስለነበረ ነው። አደራዳሪዎቹም በዚያ ዝምታ ውስጥ አልገቡም። ዝም ማለትን የሚያውቅ ሽማግሌ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ አባቶች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ከዚህ ይልቅ የማደንቀው ግን ቀጥሎ የተሠራውን ነው። ረቂቁ ከተዘጋጀ በኋላ እዚያው አልተፈረመም። ተወካዮቹ ይዘውት ወደየሕዝባቸው ተመለሱ፤ በየመንደሩ አነበቡት፣ አስረዱት፣ ተቆጡባቸው፣ አሻሻሉት። ተመልሰው መጥተው የኩማሲውን የሰላምና የዕርቅ ስምምነት የፈረሙት በመጋቢት 1988 ዓ.ም. ነው። የየወገኑን ወጣቶች በአንድነት የያዘ የልማት ማኅበርም ከዚያ ሂደት ተወለደ። በሰሜን ጋና ከዚያ በኋላ ጠብ አልተነሣም አልልም፤ ተነሥቷል። ወደዚያ ወደ 1986ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልተመለሰም። ኢማኑኤል ቦምባንዴም ያንን ልምድ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1998 የምዕራብ አፍሪካን የሰላም ግንባታ መረብ ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በኋላም የአገራቸው ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የመንደር አስታራቂው የመንግሥት ዲፕሎማት ሆነ። ከተማ ይፍሩ ከቤተ መንግሥት ተነሥተው የሄዱበትን መንገድ ቦምባንዴ ከመንደር ተነሥተው መጡበት።

ሕዝቅያስ ከእነዚህ ሁሉ ያወጡት ትምህርት አለ። ጠብ የሚያዝባቸውን መንገዶች በአንድ መስመር ይደረድሯቸዋል። በአንዱ ጫፍ ኃይል አለ፤ ቀጥሎ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የግልግል ዳኝነት፣ ድርድር፣ ሽምግልና፤ በሌላው ጫፍ ዕርቅ። ከኃይል ወደ ዕርቅ በሄድን ቁጥር የተጣሉት ሰዎች ራሳቸው በመፍትሔው ውስጥ ያላቸው ድርሻ ይጨምራል፤ መፍትሔውም ዕድሜው ይረዝማል። የ1964ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት ሽምግልና ላይ ደርሶ ቆመ። ካርቱም ያለው ነጋዴና ጁባ ያለችው እናት በውሉ ውስጥ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አንድ ፕሬዚዳንት ውሉን ሲቀደው የእኔ ነው ብሎ የሚቆም ሰው አልተገኘም።

ዕርቅ ራሱ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ደረጃ አለው፤ መተቃቀፍ መጨረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። ያጠፋ ሰው ጉዳቱን በግልጽ ያምናል። ከልቡ ይጸጸታል። ይቅርታ ይጠይቃል። የተጎዳው ቁጣውን ይለቃል። አጥፊው እንደማይደግመው ቃል ይገባል፤ የቻለውን ያህል ይክሳል። ከዚያ ሁለቱም ከበፊቱ የተለየ፣ ሁለቱንም የሚጠቅም ግንኙነት ይጀምራሉ። አባቶቼ፣ ይህ ለእናንተ እንግዳ ነው? ደም በፈሰሰ ጊዜ የገዳይ ወገን ከገበያና ከመንገድ ሲርቅ፣ ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ካሳ ሲቆረጥ፣ መሐላ ሲፈጸም፣ በመጨረሻ በአንድ ማዕድ ሲበላ ያየ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ሰባት ቤት አገው፣ አንከሻው፣ ባንጃው፣ አዘናው፣ ቋቁራው፣ ጫራው፣ ዚገሙና መተከሉ፣ ከአንድ አባት የተወለዱ ወንድማማቾች ነን ብሎ በአንድ የፈረሰኞች ማኅበር ሲሰባሰብ ጥር 23ን ለማድመቅ ብቻ አይደለም፤ በአባላት መካከል የሚነሣ ጠብም እዚያው ይበርዳል።

እንዲህ ከሆነ ለምን ሽምግልናችን በዚህ ዘመን አቅም አጣ? ሕዝቅያስን ሳነብ የሚታየኝ ይህ ነው። የእኛ ሥርዓት የተበጀው ገዳይና ሟች በስም ለሚታወቁበት ደም ነው። በ2011 ዓ.ም. በመተከል በዳንጉር አገዎችና አማሮች ሲገደሉ፣ ቀናት ሳይቆይ እዚሁ በዞናችን በጃዊ ጉሙዞች ሲገደሉ፣ ገዳዩ ማን ተብሎ ሊጠራ ነው? ሁሉም ወገን የሞተበትን ይቆጥራል፤ የገደለለትን አይቆጥርም። በታኅሣሥ 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ቀን አለቀ፤ ከዚያ በኋላ በቻግኒው ራንች መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰፈረ። የአዊ ሰው ያለውን አካፍሏል፤ ይህ ይመሰገናል። ማመን የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ግን አልተነካም። በጃዊ የሆነውን እኛ፣ በዳንጉርና በቡለን የሆነውን የመተከል ጎረቤቶቻችን፣ በየራሳችን ሸንጎ ጮክ ብለን አልተናገርንም። ባለሥልጣናት ያካሄዷቸው የዕርቅ መድረኮች በምርቃትና በግብር ተዘግተዋል፤ በሬ ታርዷል፣ ቁስሉ ግን አልታጠበም።

ሌላም አለ፤ በአክብሮት ልናገረው። ሸንጎአችን ሴቶችን አያስቀምጥም፤ ልጇ የሞተባት እናት ካሳው ሲቆረጥ አትጠየቅም። መሣሪያ የያዘው ወጣትም በሽማግሌ ፊት ዝም ይላል፤ ሲወጣ ግን የሚያደርገውን ያደርጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ አልዘረዝርላችሁም፤ እናንተ ትኖሩበታላችሁ። ኩማሲ ላይ ያን ቃል የተናገረው ወጣት እንጂ ሽማግሌ አልነበረም። አለቃውን ያሸነፋቸው ደግሞ ባህሉን ጥሎ ሳይሆን፣ ባህሉ የሰጠውን አባት የማለት ክብር ይዞ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

የመተከል ሕዝብ ከብሔር ወደ ብሔር የሚሻገር ወዳጅነት የሚታሰርበት ሚቹ የተባለ ሥርዓት እንደነበረው ጸጋ እንዳለው የተባሉት የታሪክ ምሁር አጥንተው ጽፈዋል። ጉሙዙና ጎረቤቱ በዚያ ሥርዓት አንዱ ለሌላው ዘመድ ይሆናል፤ አንዱ በሌላው አገር በሰላም ይገባል። ስለዚህ ከባዶ አንጀምርም።

እንግዲህ ልመናዬ እንዲህ ነው። በዚህ በእንጅባራ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለን። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በቻግኒ አድርጎ መተከል ያደርሳል። የመጀመሪያው ሥራ ስብሰባ መጥራት አይሁን፤ ማዳመጥ ይሁን። በቻግኒ ተጠልላ የነበረችውን እናት፣ ከጃዊ የሸሸውን ጉሙዝ፣ እያንዳንዱን ለብቻው፣ በቋንቋው፣ ሳይቸኩሉ መስማትና መጻፍ። የሀገር ሽማግሌዎች የፈረዷቸውን የደም ጉዳዮች፣ የተሳኩትንም ያልተሳኩትንም፣ ሳይረሱ በፊት መመዝገብ። ረቂቅ የሚባል ነገር ከተገኘም ወደየመንደሩ ወስዶ እስኪቆጡብን ድረስ ማንበብ። ለዚህ አዊኛ፣ አማርኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ የሚናገሩ ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ያስፈልጋሉ፤ ከመካከላችሁ እንዳሉም አውቃለሁ። አባቶች ጥያቄያቸውን ካቀረቡ በኋላ በር ላይ እቆያለሁ፤ ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና የምትናገሩትን ቋንቋ አስመዝግቡ።